ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ፦ ወሎ የወፍ ውሻ ለምን አላሠለጠነም?

አንድ ሰው ከተነሳው ጉዳይ ወጥቶ ሌላ ነገር ሲቀባጥር «ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ» ይባላል። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ውስጡ ያለውን ቴክኖሎጂ ግን ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን። ምዝግዝግ ማለት ቆቋ ላይ እየተሽከረከረ የሚወረወረው ዱላ ነው። እንግዲህ በዚህች አጭር አባባል ውስጥ አዳኝ አለ፣ ታዳኝ ወፍ አለች፣ መሣሪያም አለ። አንድ ነገር ግን የለም፦ ውሻ።

ይህ ለምን ያስገርማል? ቆቅና ዘመዶቿ በሚታደኑበት በአብዛኛው አውሮፓ ውሻ የሌለበት የወፍ አደን ማሰብ ይከብዳል። በእንግሊዝ አገር ስፓንየል የሚባለው ጆሮው የተንጠለጠለ መካከለኛ ውሻ ለዚሁ ሥራ ብቻ ለዘመናት ተዳቅሏል፣ ሠልጥኗል። በወልዲያ፣ በመርሳ፣ በሐብሩ ግን ቆቁም አለ፣ ጅግራውም አለ፣ ውሻውም በየግቢው አለ። ታዲያ ሦስቱ ለምን አልተገናኙም?

ቀላሉ መልስ «አላወቁበትም» የሚለው ነው። ይህ መልስ የቆየ ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቹጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጉዞው ዛሬ ሰሜን ወሎ በምንለው በአንጎት በኩል አልፏል። በአገሩ ያየው የቆቅና የጅግራ ብዛት አስገርሞት ጽፏል፤ ሕዝቡ እምብዛም እንደማያድናቸውም ልብ ብሏል። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ የውጭ ተጓዦችም ነገሩን በዚሁ ዓይን ነው ያዩት።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። በምህንድስና አንድ አሠራር ከሌላው ሲለይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ይበልጣል?» ሳይሆን «እያንዳንዱ የተሠራው የትኛውን ገደብ ለማሟላት ነው?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ወደ ቆቅ አደን ስናመጣው ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ስፓንየሉ በትክክል ምን ይሠራል?

ስፓንየል የሚለው ስም ከስፔን አገር ጋር የተያያዘ ነው። በአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የፈረንሳዩ መስፍን ጋስቶን ፌቡስ ስለ አደን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እነዚህ ውሾች ተጠቅሰዋል። ያኔ ወፍ የሚመታ ጠመንጃ አልነበረም። ውሻው ወፉን በሽታ ፈልጎ ያስነሳል፣ የሠለጠነ ጭልፊት ከላይ ይወርድበታል፤ ወይም ሰው መረብ ይጥልበታል። ጠመንጃ በኋላ ሲመጣ ውሻው ሥራውን አልለቀቀም፣ ከአዲሱ መሣሪያ ጋር ተስማማ እንጂ። ስፕሪንገር የተባለው የስፓንየል ዘር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ወፍ «ከማስነሳት» ሥራው ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የስፓንየሎች የመስክ ውድድር ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የሥራው መለኪያ እየጠራ መጣ።

መለኪያውን በትንሽ ስሌት እንየው። ሾትገን ወደ 300 የሚጠጉ ጥቃቅን የእርሳስ እንክብሎችን ባንድ ጊዜ ይተፋል። ውጤታማ የሚሆነው እስከ 35 ሜትር ገደማ ነው እንበል። ወፏ ስትነሳ በሰከንድ 15 ሜትር ትበራለች እንበል። ተኳሹ አይቶ፣ አንስቶ፣ አነጣጥሮ ለመተኮስ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወፏ 22 ሜትር ከግማሽ ሄዳለች። ከ35 ላይ ሲቀነስ 12 ሜትር ከግማሽ ይቀራል። ስለዚህ ውሻው ወፏን ማስነሳት ያለበት ከባለቤቱ ከ12 ወይም ከ13 ሜትር ሳይርቅ ነው። ከዚያ ካለፈ ድካሙ ለወፏ ጥቅም ነው።

ለዚህ ነው ስፓንየል በነፋስ አንጻር ግራና ቀኝ እየተመላለሰ፣ ግን ሳይርቅ የሚፈልገው። ወፍ ስትነሳ መቀመጥ አለበት፤ ሮጦ ቢከተላት ተኩሱ ይበላሻል። ተመትታ ስትወድቅ ሲታዘዝ ሄዶ፣ ሳያኝክ፣ ለስላሳ በሆነ አፉ አንጠልጥሎ ያመጣታል።

በወቅቱ መጨረሻ ይህ ሁሉ ይከብዳል። የእንግሊዝ የፋዛን አደን ኦክቶበር 1 ተከፍቶ ፌብሩዋሪ 1 ይዘጋል። ፋዛን ከቆቅ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ ወፍ ነው። ጃንዋሪ ላይ ያለው ፋዛን ከብዙ ተኩስ የተረፈ፣ ሰው ሲመጣ ከመብረር ይልቅ በእግሩ ሹልክ ማለትን የተማረ ነው። ቅጠሉ ረግፏል፣ ሣሩ ተኝቷል፣ መደበቂያው ሳስቷል። ውሻው ቢቸኩል ወፎቹ ከርቀት ይነሳሉ፤ ቢዘገይ በሌላው ጫፍ ሮጠው ይወጣሉ። የደህና ስፓንየል ሥልጠና የሚታየው በእነዚህ የመጨረሻ ቀናት ነው።

የእኛም «የወቅቱ መጨረሻ» ጥር ነው

ወደ ሐብሩ እንመለስ። ማሽላው በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። እህል ቆሞ ሳለ ጅግራና ቆቅ መደበቂያም ምግብም አላቸው። አገዳው ሲቆረጥ ወደ ቁጥቋጦው፣ ወደ ሸለቆውና ወደ ተራራው ግርጌ ይጠጋሉ። ከወልዲያ በላይ ያሉት ገደላማ ተራሮች ደግሞ የትልቁ ደገኛ ቆቅ ዓይነት ቦታ ናቸው። ይህን ቆቅ ለሳይንስ ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ስሙንም በረዳቱ በቴዎዶር ኤርኬል ሰየመው። የኤርኬል ቆቅ ቁልቁለትና ቁጥቋጦ ይወዳል፣ ሲደነግጥም ከመብረር መሮጥን ይመርጣል። ከእንግሊዙ የጃንዋሪ ፋዛን ጋር ጠባያቸው ይገጥማል።

የቀን መቁጠሪያውም ይገጥማል። ለክርስቲያኑ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል። ወፎቹ ከአዝመራው ጠግበው በሚሰቡበት ሰሞን ሥጋ አይቀመስም። ከገና በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ እንደየዓመቱ ከአንድ ወር ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ ሁለት ወር ምናምን ነው። በዚያም ላይ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ነነዌ አለ። ለክርስቲያኑ እረኛ የቆቅ ወቅት ማለት ይህች ጠባብ መስኮት ናት። የዱር ወፍ ላይ ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚያፈስ አሠራር እንዳይፈጠር ይህ ብቻውን አንድ ምክንያት ይሆናል። ዋናው ገደብ ግን ሌላ ነው።

ቢላዋው ከሞት መቅደም አለበት

ወሎ ውስጥ ሥጋ የሚበላው ተባርኮ ሲታረድ ነው። ክርስቲያኑ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ያርዳል፣ ሙስሊሙ «ቢስሚላህ» ብሎ። ታንቆ የሞተ፣ ሳይታረድ የሞተ ለክርስቲያኑ አይበላም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ አውሬ የዘነጠለውን ሥጋ አትብሉ፣ ለውሻ ጣሉት ይላል። ልብ በሉ፣ ውሻ በዚህ ሕግ ውስጥ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን አምጪነት ሳይሆን የተጣለውን ተቀባይነት ነው።

የሙስሊሙ ሕግ የበለጠ ዝርዝር አለው። የቁርኣን አምስተኛው ምዕራፍ፣ አል ማኢዳ፣ አራተኛው አንቀጽ የአላህ ስም ተጠርቶበት የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ የያዘውን መብላት ይፈቅዳል። አሠልጣኞቹን የሚጠራበት ቃል ራሱ «ከልብ» ከሚለው የዓረብኛ የውሻ ስም የወጣ ነው፤ በግዕዝም ውሻ «ከልብ» ነው። የሻፊዒ ፊቅህ መጻሕፍት ስለ አደን የተለየ ምዕራፍ አላቸው። የሠለጠነ ውሻ ማለት ሲላክ የሚሄድ፣ ሲከለከል የሚቆም፣ ከያዘውም የማይበላ ነው ይላሉ። ይህም ተደጋግሞ መታየት አለበት። እነዚህን ሦስት መስፈርቶች ከላይ ካየነው የስፓንየል ሥልጠና ጋር አስተያዩ። ሲታዘዝ መሄድ፣ መቆም፣ አለማኘክ። እንግሊዞች ውድድር ከመጀመራቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት መስፈርቱ ተጽፎ ነበር።

ስለዚህ የጁን በመሰለ፣ እንደ ዳና ያለ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ባለበት አገር፣ የሠለጠነ አዳኝ ውሻ ሐሳቡ ያልተሰማ ነገር ነው ማለት አይቻልም። ግን ያው ፊቅህ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠብ ይላል። ውሻ በአፉ አንጠልጥሎ ያመጣት ወፍ ለቤቱ ብዙ ጣጣ ይዛ ትመጣለች። በተጨማሪም የሚወረወር እንጨት በደነዘው ጎኑ መትቶ የገደለው አይበላም፤ ነፍሱ ሳይወጣ ደርሶ ማረድ ግድ ነው።

ሁለቱን ሃይማኖቶች ስንደምር ለወሎ የቆቅ አደን አንድ የንድፍ መስፈርት እናገኛለን፦ ወፏ በሕይወት እያለች ቢላዋው ጋ ትድረስ። ያውም የራስ ሃይማኖት ቢላዋ ጋ፤ ክርስቲያንና ሙስሊም እረኞች አብረው ቢውሉም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላምና። ሾትገንና ስፓንየል ግን ፈጥኖ የሞተ ወፍ ለማምጣት የተሠራ አሠራር ነው። የሚሰጠው ውጤት ከሚፈለገው ውጤት ጋር አይገጥምም።

ጥይት ገንዘብ በነበረበት ዘመን

«ጠመንጃው ከገባ በኋላስ?» የሚል ይኖራል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በብዛት የገባው ጠመንጃ ውጅግራ ነው። ስሙ ውስጥ ጅግራ ያለ ይመስላል እንጂ ከወፏ ጋር ዝምድና የለውም። ፉዚ ግራ የተባለው የፈረንሳይ የ1874 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ ስም በእኛ አፍ ሲጠራ የወጣ ነው።

ውጅግራ 11 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ 25 ግራም የሚመዝን አንድ የእርሳስ ጥይት ይተኩሳል። ከአፈሙዙ ሲወጣ ከ2,000 ጁል በላይ ጉልበት ይዟል። ለሰውና ለትልልቅ አውሬ የታሰበ ነው። በበረራ ላይ ያለችን ቆቅ በአንድ ጥይት መምታት ተአምር ነው። ተቀምጣ ብትመታም ለመብላት የሚሆን ነገር አይተርፍም። የሾትገን ብልሃት ያንኑ የሚያህል እርሳስ ለ300 ከፍሎ አየሩ ላይ እንደ ወንፊት መዘርጋቱ ነው።

ሒሳቡም አያዋጣም። በዚያ ዘመን ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጋር ገበያ ላይ መገበያያ ነበር። ጥይት መተኮስ ገንዘብ መበተን ነው። ገንዘቡ የሚበተንበት ታዳኝ ደግሞ ክብር የሚያስገኝ መሆን ነበረበት፤ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ። ግዳይ የሚጣለው በእነዚህ ነው። ቆቅ ገደልኩ ብሎ የሚፎክር ጀግና የለም። በእንግሊዝ ለወፍ ውሻ ማዳቀያ ገንዘቡን ያወጣው ባለርስቱ መኳንንት ነበር፤ በእኛ አገር መኳንንቱ ክብሩን የሚፈልገው ሌላ ቦታ ነው።

ውሻው ሥራ ፈት አልነበረም

የወሎ ውሻ ሥራ ነበረው፣ አለውም። ሌሊት ጅብን ከበረት ያርቃል። ቀን ከእረኛው ጋር ይውላል። የማሽላ ጥበቃ ሰሞን ልጁ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፉን ሲያባርር፣ ውሻው እታች ሆኖ ዝንጀሮን ይጠብቃል። ለዚህ የሚፈለገው ጠባይ ምንድን ነው? ጮኾ መንቃት፣ ሳይታዘዝ መነሳት፣ ባዳን አለማመን፣ ርቆ ድረስ ማባረር።

አሁን ይህን ከስፓንየል ጋር አነጻጽሩ። ስፓንየል ዝም ማለት አለበት፣ ሳይታዘዝ መነሳት የለበትም፣ ከ13 ሜትር ማለፍ የለበትም። አንዱን ሥራ የሚያሳምረው ጠባይ ሌላውን ያበላሻል። ሁለቱንም ባንድ ውሻ ማግኘት አይቻልም፣ ለሁለት ውሻ የሚተርፍ ቀለብ ደግሞ ብዙ ቤት የለም። ጅብ ባለበት አገር ምርጫው ግልጽ ነው።

ያለ ውሻ እንዴት ትያዛለች?

ቆቅን ከነሕይወቷ ለመያዝ ያለው ብልሃት በራሷ ሰውነት ውስጥ ነው። የዶሮ የደረት ሥጋ ነጭ፣ የእርግብ ደግሞ ጠቆር ያለ ቀይ መሆኑን አይታችሁ ይሆናል። የእርግብ የክንፍ ጡንቻ ኦክስጅን በሚይዝ ፕሮቲን የተሞላ ስለሆነ ለረጅም ሰዓት ይበራል። የቆቅና የዶሮ ወገን የደረት ጡንቻ ግን በአብዛኛው ያለ ኦክስጅን፣ ያከማቸውን ስኳር ፈጥኖ በማቃጠል ይሠራል። ቱር ብላ ስትነሳ ጉልበቷ ያስደነግጣል። ሩቅ ግን አትሄድም፣ ወዲያው ታርፋለች። ማረፊያዋ ላይ ደርሰው ሳታገግም ቢያስነሷት ሁለተኛው በረራ ያጥራል። ሦስተኛው የባሰ ያጥራል። በመጨረሻ መብረር ትታ ትሮጣለች ወይም ቁጥቋጦ ሥር ትሸጎጣለች።

ሦስት አራት እረኞች ተከፋፍለው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆኖ፣ ያረፈችበትን በዓይን ይዘው ሲሯሯጡ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ወፏን ማስነሳት፣ መከተል፣ ማምጣት፤ የስፓንየሉን ሦስት ሥራዎች ልጆቹ በእግራቸው ይሠሩታል። ዱላው የሚወረወረው ስትደክም ነው፤ የሚመታውም አደንዝዞ ለመያዝ ነው። ውርወራው ቀድሞ ከተለቀቀ ተረቱ ይደርሳል፦ ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ።

ከዚህ በላይ ርካሽ፣ ከተቀመጠው ገደብ ጋር የሚስማማ አሠራር መንደፍ ይከብደኛል። ጥይት አያባክንም፣ ውሻ አይቀልብም፣ ወፏን ከነነፍሷ ቢላዋው ጋ ያደርሳል።

ያው ቆቅ፣ ሌላ አገር

ይህ ሁሉ የገደብ ጉዳይ እንጂ የወፏ ጉዳይ እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ከሩቅ ይገኛል። በ1957 እ.ኤ.አ. የኤርኬል ቆቅ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ባሉት የሃዋይ ደሴቶች ለአደን ተብሎ ተለቀቀ። ተባዛም። ዛሬ እዚያ አዳኞች በሾትገንና በሠለጠነ ውሻ ያድኑታል። ወፉ አልተለወጠም፤ ሽቅብ መሮጡንም አልተወም። የተለወጠው ጥይቱ ርካሽ መሆኑ፣ ቢላዋው ግዴታ አለመሆኑ፣ ጅብ አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄ፣ ነገሩን ገልብጠን ያንን አሠራር ወደ ሰሜን ወሎ ብናመጣውስ? የውጭ ጎብኚ በሾትገንና በውሻ ቆቅ እንዲያድን ቢደረግ ገቢ አያመጣም? ሐሳቡ እንዲሁ የሚጣል አይደለም፤ ግን ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው ሕጉ ነው። የዱር እንስሳት አደን የሚፈቀደው በፈቃድ ብቻ ነው፤ ቆቅም የዱር እንስሳ ናት። ሁለተኛው ከባድ ነው። ደጋው ላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ በዓለም ላይ በቁጥር ጥቂት የቀረው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በባሌ ተራሮች በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. ከቤት ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ ጨርሷል። የውሻ አደን የሚለመድ ከሆነ ያልተከተበ አንድ ውሻ ደጋው ላይ መውጣቱ ብቻ የሚያስከፍለው ዋጋ ከማንኛውም የአደን ገቢ ይበልጣል።

ከዚያ በፊት የሚቀድም ቀላል ሥራ አለ። የእረኛው ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው የሚውለው፣ መዋልም አለበት። ቆቅን በእግሩ አድክሞ የያዘ ሰው ግን በየመንደሩ እያረጀ ነው። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አለ፣ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም እዚያው ሐብሩ ውስጥ አለ። ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ አይጠፋም፦ ምዝግዝጉ ከየትኛው ዛፍ ይቆረጣል፣ ምን ያህል ይመዝናል፣ ከስንት ሜትር ይወረወራል? ወፏ ከስንተኛው በረራ በኋላ ነው መብረር የምትተወው? ስንት ልጅ ያስፈልጋል፣ ማን የት ይቆማል? ሜትርና ሰዓት ይዞ አዛውንቶቹን መጠየቅ ነው። ስፓንየል እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዱ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ ስለ ምዝግዝግ ግን በአብዛኛው ያለን ተረቱ ነው።